ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ መኪና ሊማሩ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀሩት የምንጃር ሰው

በኢትዮጵያ ምድር ዘፈን ለብዙ ዘመናት ከዘፋኙ ጋር የሚያልፍ ሀብት ነበር። ነገሥታትን ያስደሰቱ፣ ተዋጊን ያነሣሡ፣ በሠርግና በሐዘን የሕዝብ አንደበት የሆኑ አዝማሪዎች ስማቸው አልፎ አልፎ በታሪክ ይነሣል እንጂ ድምፃቸውን የሚያውቅ የለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ድንኳን የተዘፈነው፣ ወደ ዐድዋ ሲዘመት የተሸለለው ግጥሙ በሰው አፍ ሊተርፍ ችሏል። የዘፋኙ ድምፅ ግን ከባለቤቱ ጋር አፈር ገብቷል። ይህን ረጅም ልማድ ለመጀመሪያ ጊዜ የለወጡት ሰው ወደ አውሮፓ የተሻገሩት ለመዝፈን አልነበረም። የአውቶሞቢል አነዳድና አሠራር ተምረው እንዲመለሱ ነበር። እኒህ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ እሸቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር ዛሬ በሰሜን ሸዋ ዞን በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ሥር ያለ፣ ማዕከሉ አረርቲ የሆነ፣ በጤፉ ስሙ የሚነሣ አገር ነው። ከአቦምሳና ከአርሲ ደጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ ለሚያማትር ሰው ምንጃር ከአዋሽ ሸለቆ ማዶ ይገኛል። ሁለቱ አገሮች ወንዙን ከመካከል አድርገው የሚተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ተሰማ የተወለዱበት ዘመን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዙፋን ላይ የነበሩበት፣ ምኒልክ ደግሞ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩበት ጊዜ ነበር። የዐድዋ ድል ሲገኝ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በአደባባይ የሚታወቀው በጦር ሜዳ ጀግንነቱ ወይም በሹመቱ ብቻ አልነበረም። ነገር ዐዋቂነትም ያስከብር ነበር። በችሎት ሙግት የሚያሸንፍ፣ በግብር ላይ ጨዋታ የሚያውቅ፣ በሁለት ስንኝ አንዱን አመስግኖ ሌላውን የሚሸነቁጥ ሰው በመኳንንቱ ፊት ስፍራ ነበረው። ተሰማ እሸቴን ከዘመነኞቻቸው መካከል የለያቸውም ይኸው ተሰጥኦ ነው። ግጥም ሳያሰላስሉ የሚመጣላቸው፣ ሰምና ወርቅን አዋሕደው የሚናገሩ፣ መሰንቆ ሲያነሡም ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ።

ሰምና ወርቅ ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ስም መሆኑ ይታወቃል። አንጥረኛው የሰሙን ቅርጽ በጭቃ ሸፍኖ ያቀልጠዋል። ሰሙ ሲፈስስ በባዶው ስፍራ ወርቁ ይገባል። በቃል ጥበብም እንዲሁ በላይ የሚሰማው ትርጉም ሰሙ ሲሆን ከሥሩ የተሰወረው ወርቁ ነው። ይህ ጥበብ በቤተ መንግሥት አካባቢ ለሚኖር ሰው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጋሻም ነበር። በግልጽ ቢነገር የሚያስቀጣ ነገር በሰም ተሸፍኖ ሲቀርብ ያስቃል። የገባው ገብቶት ዝም ይላል፣ ያልገባው ያጨበጭባል።

ነገር ግን የመሰንቆ ተሰጥኦ ለባለቤቱ ሁልጊዜ ክብር ያመጣ ነበር ማለት አይደለም። ሕዝቡ አዝማሪውን ይወድደዋል፣ ይሸልመዋል፣ ግንባሩ ላይ ገንዘብ ይለጥፍለታል። ልጁን ግን ለመዳር ያቅማማል። ከጨዋ ወገን ነኝ የሚል ሰው ልጁ መሰንቆ ሲያነሣ ማየት እንደ ውርደት ይቆጥረው ነበር። ተሰማ እሸቴ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆሙ ሰው ነበሩ። ኑሯቸው በቤተ መንግሥት አገልግሎት፣ ስማቸው በሹመት ነበር። ጥበባቸው ግን የአዝማሪ ነበር። ይህ ጥያቄ ሕይወታቸውን ሙሉ፣ ከሞታቸውም በኋላ ሲከተላቸው ኖሯል።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ጉጉት የታወቀ ነበር። ስልክ፣ ባንክ፣ የባቡር ሐዲድ፣ የሚኒስትሮች ሹመት በእርሳቸው ዘመን ተከታትለው የመጡ ናቸው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሁለተኛውን መኪና ይዞ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በመኪናው ተደሰቱ። ይሁን እንጂ መኪና እንደ በቅሎ አይደለም፤ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ መንገድ ላይ ሲቆም የሚያስነሣው ዐዋቂ ይፈልጋል። ስለዚህ ይህን ሙያ የሚማር ኢትዮጵያዊ ወደ ጀርመን መላክ ነበረበት። ዕጣው ለተሰማ እሸቴ ደረሰ።

ጀርመን የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1897 ዓ.ም. የጀርመን መልእክተኛ ሮዘን አዲስ አበባ መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሞ ነበር። በዚያው ሰሞን ሊቁ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ግዕዝና አማርኛ እንዲያስተምሩ ወደ በርሊን ሄደዋል። በኋላ በኢኮኖሚ ጽሑፋቸው የታወቁት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በጀርመን የተማሩ ናቸው። ተሰማ እሸቴ እንግዲህ የጀርመንን መንገድ ከጀመሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ። ሌሎቹ የሄዱት ብዕር ይዘው ነበር፤ እርሳቸው ለሞተር ተልከው መሰንቆን አነሡ።

በዚያን ጊዜ ወደ አውሮፓ መሄድ እንደ ዛሬው የሰዓታት ጉዞ አልነበረም። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ላይ ቆሟል፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዋና ከተማዋ የሚነሣ መንገደኛ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ተጉዞ፣ ከዚያ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ቀይ ባሕርንና የስዊዝን ቦይ አልፎ አውሮፓ ይደርሳል። የመሶብና የጠጅ ቤት ጨዋታ ያሳደገው ሰው የፋብሪካ ጭስ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የብረት ድልድይ ባለበት አገር ራሱን ያገኛል።

ጀርመን በዚያ ዘመን የመኪና ብቻ ሳይሆን የሸክላ ሙዚቃም አገር ነበረች። ጠፍጣፋውን ሸክላና ማጫወቻውን የፈለሰፈው ኤሚል ቤርሊነር የሃኖቨር ተወላጅ ነው። በርሊን ያሉ ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸውን እስከ እስያ እየላኩ የሩቅ ሕዝቦችን ዘፈን ይቀርጹ ነበር፤ ገበያው አዲስ ድምፅ ይፈልጋልና። ተሰማ እሸቴ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በመቅረጫው ፊት ቆመው ዘፈኑ። አሥራ ሰባት ያህል ሸክላዎች ተቀረጹላቸው። ለሽያጭ የታተመ የኢትዮጵያ ዘፈን ታሪክ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

የኢትዮጵያውያን ድምፅ በመሣሪያ የተያዘው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ማለት ግን አይደለም። ቀደም ብሎ፣ በ1891 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የድምፅ መልእክት ልከው ነበር። ያ ግን በሰም በርሜል ላይ የተቀረጸ፣ ከንጉሥ ወደ ንግሥት የተላከ የመንግሥት ቃል ነበር። የተሰማ ሸክላዎች የተለዩ ናቸው፤ ብዙ ቅጂ ታትሞ የሚሸጥ፣ ማንም ገዝቶ በቤቱ የሚሰማው የሕዝብ ዘፈን ነበር።

የጊዜውን የቀረጻ ሥራ ለተረዳ ሰው የተሰማ ድፍረት ይበልጥ ይገባዋል። ማይክሮፎን ገና በቀረጻ ሥራ ላይ አልዋለም ነበር፤ የኤሌክትሪክ ቀረጻ የተጀመረው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ዘፋኙ እንደ ጥሩምባ አፉ በሰፋ ቀንድ ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ሽፋኑ መርፌ ያነቃንቃል፤ መርፌው በሚሽከረከር ሰም ላይ መስመር ይቆርጣል። በጣም ከቀረበ መርፌው ይዘልላል፤ ከራቀ ድምፁ ይጠፋል። ስሕተት ከተፈጠረ ማረም አይቻልም፤ ሰሙ ይጣላል፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። የአንዱ ገጽ ጊዜም ከሦስትና ከአራት ደቂቃ አይበልጥም።

ይህ መሣሪያ ደካማ ድምፅ አይወድም ነበር። በዓለም ዙሪያ በሸክላ ስሙ የገነነው የመጀመሪያው ዘፋኝ፣ ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ካሩሶ፣ የኦፔራ ሰው መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ካሩሶ ቴነር በሚባለው ከፍተኛ የወንድ ድምፅ የሚዘፍን፣ ያለ ማጉያ ታላላቅ ቲያትር ቤቶችን በድምፁ የሚሞላ ሰው ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል አሥር ዘፈኖችን ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እርሱ ያልረገጣቸውን አገሮች ሁሉ አዳረሰ። ካሩሶ ከተሰማ በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጣል። አንዱ በኔፕልስ ጎዳና፣ ሌላው በምንጃር መስክ አድጎ፣ ሁለቱም በተመሳሳይ ዓመታት በአንድ ዓይነት ቀንድ ፊት ቆመዋል። አዝማሪም እንደ ኦፔራ ዘፋኝ ድምፁን የሚያሠለጥነው ያለ ማጉያ ነው፤ በጫጫታ በተሞላ ግብር ቤት ከዳር እስከ ዳር መሰማት አለበት።

ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነበር። የኦፔራ ዘፋኝ የተጻፈለትን ዜማ ይዞ ይቀርባል፤ ከጀርባው ኦርኬስትራ አለ። የእኛ አገር ዘፈን የተሠራው ከአድማጭ ጋር ነው። አድማጩ ግጥም ያቀብላል፣ ይስቃል፣ ተቀበል ይላል፤ ዘፋኙ የተቀመጠውን ሰው ፊት አይቶ ስንኙን ይለውጣል። ዜማው ጨዋታው እስከደመቀ ድረስ ይረዝማል። ተሰማ በዚያ ክፍል ውስጥ ያገኙት ግን ቋንቋቸውን የማያውቅ ባለሙያና ዝም ያለ ቀንድ ነበር። የሌሊት ጨዋታ የሚሆነውን በጥቂት ደቂቃ አሳጥረው፣ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ታጅበው፣ ማንም በማያጨበጭብበት ስፍራ ዘፈኑ። ከአገሩ የራቀ ዘፋኝ ለሌለ አድማጭ ሲዘፍን ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው።

1900 ዓ.ም. ለአማርኛ ቋንቋ እንግዳ ዓመት ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ በዚያው ዓመት ሮም ላይ ታተመ። የመጀመሪያው ልብ ወለድ በጣሊያን፣ የመጀመሪያው የዘፈን ሸክላ በጀርመን ተወለዱ ማለት ነው። አፈወርቅም በኋላ ነጋድራስ ተብለው ተሹመዋል። ልብ ወለዱ፣ የኢኮኖሚ ጽሑፉና ሸክላው ሦስት ነጋድራሶችን አገናኝተዋል። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የገበያን ክርክር ይዳኛል። አዲሱን ነገር ከውጭ ያስገቡት የንግድ መንገድ ሹማምንት መሆናቸው ሳያስገርም አይቀርም።

ተሰማ እሸቴ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውት የሄዱትን ቤተ መንግሥት እንደነበረ አላገኙትም። ዐፄ ምኒልክ በጠና ታምመው ነበር። የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ስም በ1901 ዓ.ም. ታውጇል፤ ሞግዚቱ ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲያርፉ ወጣቱ ልዑል ሥልጣኑን በእጁ አደረገ። ልጅ ኢያሱ ጨዋታ ወዳድ፣ ጉዞ የማይሰለቸው፣ ከሽማግሌ መኳንንት ይልቅ የራሱን ሰዎች የሚያቀርብ ልዑል ነበር። ግጥም ዐዋቂው፣ አውሮፓን ያየው፣ መኪና የሚያውቀው ተሰማ ለእንዲህ ያለ ልዑል የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ከልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጆች አንዱ ሆኑ። የሕይወታቸው ከፍታም ያ ጊዜ ነበር።

ከፍታው ብዙ አልቆየም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። ከአንድ ወር በኋላ የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር በሰገሌ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ መባል ወንጀል ሆነ። ተሰማ እሸቴም ወዳጅነቱን በእስርና በግዞት ከፈሉ። ለቤተ መንግሥት ሰው የሚቀርበው ወንበር ምን ያህል በቶሎ እንደሚነሣ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ሹመትና ሀብት በአንድ አዋጅ ሊነጠቅ ይችላል። ጀርመን ውስጥ በሸክላ የተቀረጸውን ድምፅ ግን ሊወርስ የሚችል አዋጅ አልነበረም።

መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ ይድነቃቸው ተባለ። ይህ ልጅ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ታላቅ ተጫዋች፣ የኢትዮጵያ ስፖርት አደራጅ፣ በኋላም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስኪያርፍ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። የአባቱ አንደበት በእርሱም ላይ ታይቷል፤ በዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ላይ የአፍሪካን መብትና የአፓርታይድን ጉዳይ እያነሣ የሚሟገት ሰው ነበር።

ነጋድራስ ተሰማ የንግሥት ዘውዲቱን ዘመን፣ የጣሊያንን ወረራና የነፃነትን መመለስ ሁሉ አዩ። በዚህ መካከል የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ገቡ፤ በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። አዲሶቹ ዘፋኞች ማይክሮፎን ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ከቀንድ ፊት የዘፈኑት ሽማግሌ ድምፅ ተረሳ። ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ባለቤቱም ማጫወቻውም ያልፋሉ። የነጋድራስ ስም በሕዝቡ ዘንድ የቀረው በዘፈናቸው ሳይሆን በጨዋታቸው፣ በሰምና ወርቃቸው ነበር። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ቅኔ ደግሞ በየአፉ ይለወጣል፤ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል።

በእርጅናቸው አንድ ደስታ አላመለጣቸውም። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የቡድኑ አሠልጣኝ ልጃቸው ይድነቃቸው ነበር። አባትየው በሕይወት ነበሩ። አባት በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው መባቻ የአገራቸውን ድምፅ ወደ ውጭ አወጡ፤ ልጅ በአርባ ዓመቱ የአህጉሩን ዋንጫ በአገሩ አስቀረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል ኖረው አረፉ።

ድካማቸው ከመቃብር በታች አልቀረም። ልጃቸው ይድነቃቸው ከብዙ አፍ የለቃቀመው የአባቱ ቅኔና ጨዋታ ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆነ። ድምፃቸው ደግሞ ሌላ ጠባቂ አገኘ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራው 27ኛ ቅጽ ላይ በመላው ዓለም የተበታተኑትን የጀርመን ሸክላዎች አሰባስቦ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተማቸው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ከተቀረጸ መቶ ዓመት ያለፈበት መታሰቢያ ነበር። የሸክላው ጭረት በሚያሰማው ንዝረት መካከል መሰንቆው ይጮኻል፤ የአንድ ወጣት የምንጃር ሰው ድምፅም በላዩ ይነሣል።

በዚህ አልበም ላይ ከስማቸው በፊት የተጻፈው ቃል አዝማሪ የሚለው ነው። አገራቸው የሚያውቃቸው ነጋድራስ ብላ ነው። ዘመናቸው እነዚህን ሁለት ስሞች በአንድ ሰው ላይ ማስቀመጥ ይከብደው ነበር፤ አንዱ የክብር፣ ሌላው የሥልጣን ሰው የሚሸሸው ስም ነበርና። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የነጋድራስነት ሥራ ከዘመኑ ጋር ቀርቷል፤ ቀረጡም መዝገቡም የለም። አገር እንዲያስታውሳቸው ያደረገው ያ የተናቀው ስም ነው።

መኪና የተማረ ሰው ከጊዜ በኋላ በብዛት ተገኘ፤ በዘመኑ ጠቃሚ የነበረው ያ ሙያ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ተሰማ እሸቴ በተላኩበት ጉዳይ ላይ ሳያስቡት የጨመሩት ነገር ግን ምትክ አልተገኘለትም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትን ዘፋኞች ሁሉ ስናስብ ዝምታ ይገጥመናል። ከእርሳቸው ጀምሮ ግን የሚሰማ ድምፅ አለ።